ሦስት ራውተር በአንድ ኮንዶሚኒየም፦ ጓዳ ድረስ የደረሰው የትኛው ነው?

የጎሮ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ፋይበር አስገብተናል፣ ፓኬጁ 50 ሜጋ ነው። ራውተሩ ሳሎን ነው ያለው። እውነቱን ለመናገር ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። እናቴ ደግሞ ዳንቴል አልብሳዋለች። ሳሎን ላይ ችግር የለም። መጨረሻ ያለው መኝታ ቤት ግን፣ እኔ የምሠራበት፣ ስብሰባ መሀል ፊቴ ደርቆ ይቀራል። አለቃዬ "ሄሎ፣ አለህ?" ማለት ሰልችቶታል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ራውተር ለካሁ። አንደኛው ከመስመሩ ጋር የመጣው ነው፤ ነጠላ ባንድ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ፣ ካርቶኑ ላይ 300 ይላል። ሁለተኛው ከጓደኛዬ የተዋስኩት ባለ ሁለት ባንድ ነው፣ 1200 የሚባለው። ሦስተኛው አዲስ ዋይፋይ 6 ነው፤ 1500 ይላል፤ ከደሞዜ ላይ ደህና አድርጎ የቆረሰው እሱ ነው።

ሦስቱንም እዚያው ቡፌ ውስጥ በየተራ አስቀመጥኩ። በአንድ ስልክ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ጎረቤት ሳይነሳ። እያንዳንዱን ቦታ ሦስት ሦስት ጊዜ ለክቼ መሀለኛውን ቁጥር ያዝኩ።

ሳሎን፣ ሦስት ሜትር ላይ፦ አሮጌው 37፣ ሌሎቹ ሁለቱ 50 ሞልተው።
የእናቴ መኝታ፣ አንድ የብሎኬት ግድግዳ አልፎ፦ 21፣ 46፣ 48።
የኔ ክፍል፣ ሁለት ግድግዳና መታጠቢያ ቤቱን አልፎ፦ 6፣ 7፣ 9።

የኔ ክፍል ላይ 5 ጊጋኸርዙ ይያዝና ይለቃል። ቁጥሮቹ የ2.4 ናቸው። እንግዲህ 1500 ለሚለው ከፍዬ 9 አገኘሁ። ምኑን ነው የሳትኩት?


ኤጋ_ቆርቆሮ | ቅዳሜ ማታ 2፡58

1500 ተብሎ 9? በዚህ ሂሳብ እኔም ቱጃር ነኝ።

የኔ ምክር፦ አንቴናው የበዛውን ግዛ። አጎቴ ጋ ስምንት አንቴና ያለው አለ፣ የተገለበጠ ሸረሪት ነው የሚመስለው። አጥር ጥግ ድረስ ይይዛል።


የድሮ_መስመረኛ | ቅዳሜ ማታ 3፡45

ልጄ፣ አለካክህ ደስ ይላል። ብዙ ሰው አንዴ ለክቶ ነው የሚያወራው። ግን ሁለት ነገር ቀላቅለሃል፤ የዋይፋይህን ፍጥነትና የኢንተርኔትህን ፍጥነት። መስመርህ 50 ከሆነ ሳሎን ላይ ከ50 በላይ ልታይ አትችልም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ራውተር እኩል የወጡት እኩል ስለሆኑ አይደለም፣ ጣሪያው ስለያዛቸው ነው። ላፕቶፕህን በገመድ ራውተሩ ላይ ሰካና አይፐርፍ 3 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፑም ስልኩም ላይ ጫን። ከስልክህ ወደ ላፕቶፕህ ለካ። ያኔ ኢንተርኔቱ ከመሀል ይወጣል፣ ራውተሩ ብቻውን ይፈተናል።

ቀጥሎ ያ 1500 የሚለው ቁጥር። እሱ የሁለት ባንድ ድምር ነው፤ 300 በ2.4 ላይ፣ 1200 በ5 ላይ። ስልክህ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ነው የሚይዘው። ያም ቢሆን በአየር ላይ ያለ የንድፈ ሐሳብ ፍጥነት ነው። ራውተርና ስልክ ሲነጋገሩ ተራ ይጠብቃሉ፣ "ደረሰኝ" ይባባላሉ፣ የጠፋውን ይደግማሉ። ከካርቶኑ ቁጥር ግማሽ የሚሆነው እጅህ ከገባ ጥሩ ነው በል።

5 ጊጋኸርዝ የሚፈጥነው ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ነው። በ2.4 ላይ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። እያንዳንዳቸው 20 ሜጋኸርዝ ስፋት አላቸው። በ5 ላይ 80 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ቻናል መያዝ ትችላለህ፤ አራት እጥፍ። ዋጋው ግን ግድግዳ ላይ ይከፈላል። 2.4 ጂፕሰምም ብሎኬትም በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፣ 5 ቶሎ ይደክማል።

ደግሞ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ዋይፋይ ሬዲዮ ጣቢያ አይደለም። ስልክህም መልስ መስጠት አለበት። ራውተሩ በድምፅ ማጉያ ቢናገር ስልክህ በሹክሹክታ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ጉልበተኛ ራውተር ስትገዛ ስልክህ ላይ አራቱም መስመር ሞልቶ ታያለህ፣ ነገሩ ግን ይጎተታል።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅህ። መታጠቢያ ቤታችሁ ውስጥ የውሃ በርሜል አለ?


የጎሮ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3፡52

ጋሼ ቤታችንን ያዩት ይመስል! አለ እንጂ። 200 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ በርሜል፣ ከጎኑ አራት ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሁሌም ሙሉ ነው። ምን አገናኘው?


የድሮ_መስመረኛ | ቅዳሜ ማታ 4፡10

በደንብ ነው የሚያገናኘው። ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርዝ ነው፤ ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ ያንን ጉልበት ስለሚውጥ። ዋይፋይህም እዚያው ሰፈር ነው ያለው። ጉልበቱ ከማይክሮዌቩ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ውሃ ያው ውሃ ነው። ሙሉ በርሜል ማለት ለዋይፋይ የተዘጋ በር ማለት ነው። በዚያ ላይ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አለ፣ የብረት ቧንቧ አለ፣ መስታወት አለ። የመስታወት ጀርባ ደግሞ ብረት የተቀባ ነው።

የአዲስ አበባ ቤቶችን የዋይፋይ ካርታ ስሎ የሚሸጥ ሰው ቢኖር በርሜሉ ያለበትን ቦታ በቀይ ያከብበው ነበር።


ስልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ | እሑድ ጠዋት 1፡15

ሰላም ከሜሪላንድ። እኔ እንደውም ነገሩን እያካበዳችሁት ይመስለኛል። የኛ ቤት ሁለት ፎቅ ነው። ራውተሩ ምድር ቤት ጥግ ላይ ነው። ጓሮ ወጥቼ ጥብስ እየጠበስኩ ኳስ አያለሁ።


የድሮ_መስመረኛ | እሑድ ጠዋት 2፡05

ወንድሜ፣ የእርስዎ ግድግዳ የእንጨት ፍሬም ላይ የተመታ ጂፕሰም ነው። ወለልዎም እንጨት ነው። እዚህ ብሎኬት ላይ ልስን፣ በየማዕዘኑ ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት፣ ከላይ ከታች ሶሌታ ነው። ያንኑ ራውተር ጎሮ ቢያመጡት ጓሮ ቀርቶ ሊፍት የሌለው ደረጃ ላይ አይወጣም።


ስልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ | እሑድ ጠዋት 2፡20

ተቀብያለሁ ጋሼ። የራሴን ላውራ እንግዲህ። አምና ዋይፋይ 7 ገዛሁ። 6 ጊጋኸርዝ ባንድ አለው። እዚህ አሜሪካ ያ ባንድ ለዋይፋይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. 2020 ነው። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ይበራል፣ ቃል የለኝም። ፎቅ ስወጣ ግን ስልኬ ራሱ 6ቱን ትቶ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ ሶፋ ላይ ለመቀመጥ ብቻ ነው ያን ሁሉ የከፈልኩት። ባለቤቴ እስካሁን አላወቀችም፣ እዚህ እንዳይቀር።


ኤጋ_ቆርቆሮ | እሑድ ጠዋት 2፡22

ስክሪን ሾት ተነስቷል።


ነታንያ_ሰፈር | እሑድ ጠዋት 3፡30

ስለ ግድግዳ ከተነሳ የኛን የሚያህል የለም። እዚህ እስራኤል በአዳዲስ ቤቶች ውስጥ ማማድ የሚባል ክፍል አለ። ሮኬት ሲመጣ የሚገባበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991ዱ የባህረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው ግዴታ የሆነው። ወፍራም የተጠናከረ ኮንክሪት፣ የብረት በር፣ የብረት መስኮት። በሩ ሲዘጋ ዋይፋይም የስልክ ኔትወርክም አብረው ይወጣሉ። ማስጠንቀቂያውን በስልክ የምትሰማበት ሰዓት ላይ ማለት ነው እንግዲህ።

እኛ ሦስት ራውተር ቀያይረናል። ምንም። በመጨረሻ ኤሌክትሪሺያን ጠርተን በነበረው የስልክ መስመር ቱቦ ውስጥ አንድ ላን ገመድ አስሳብን፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አክሰስ ፖይንት (ከገመድ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያወጣ ዕቃ) ሰቀልን። አለቀ። አሁን ከቤቱ ሁሉ ጎበዝ ዋይፋይ ያለው እዚያ ነው። ልጆቹ ሳይረን ሳይጮህም እየገቡ ይቀመጣሉ።


የጎሮ_ልጅ | እሑድ ማታ 1፡30

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለካ ዋልኩ። እናቴ "ሥራ አለኝ ብለህ ነው ቤተ ክርስቲያን የቀረኸው?" ብላኛለች።

ጋሼ እንዳሉት አይፐርፍ አደረግሁ። ላፕቶፑ በገመድ፣ ስልኩ በዋይፋይ፣ ሳሎን ውስጥ። አሮጌው 61 ሰጠኝ። ዋይፋይ 6ቱ 500 አካባቢ። የተዋስኩት 1200 ግን 94። ደግሜ ለካሁ፣ 94። ስልኩን ራውተሩ ላይ አስቀምጬ ለካሁ፣ 94። ተበላሽቶብኝ እንዳይሆን፤ የሰው ነው።


ፖርት_ቆጣሪ | እሑድ ማታ 1፡41

አልተበላሸም። 94 ላይ የሚቆም ነገር ስታይ ወዲያው ፖርቱን፣ ገመድ የሚሰካበትን ቀዳዳ፣ እይ። የዚያ ራውተር የላን ፖርቶች 10/100 ናቸው። በዚያ ገመድ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ አያልፍም፣ ከራሱ ወጪ ተቀንሶ 94 ገደማ ይደርስሃል። አየሩ 867 ቢችልም በሩ ጠባብ ነው።

ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ነው። የቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ50 እና አርቸር ሲ6 ሁለቱም 1200 ናቸው። ሲ50 ፖርቱ 10/100 ነው፣ ሲ6 ጊጋቢት ነው። የሻኦሚ 4ኤ ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት አለ፣ "ጊጋቢት" የሚል የተጨመረበትና ያልተጨመረበት። ሱቅ ስትሄድ ስለ አንቴና ሳይሆን ስለ ፖርት ጠይቅ።

ግን ረጋ በል፦ መስመርህ 50 ከሆነ 10/100 ይበቃሃል። ጊጋቢት የሚያስፈልግህ መስመርህ 100 ሲያልፍ ወይም ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል ስታመላልስ ነው።


ማሚ_የባሕር_ዳር | እሑድ ማታ 1፡55

ወንድሞቼ አንድ ነገር አስረዱኝ። 50 ሜጋ እየከፈልን ፊልም ሳወርድ ስልኬ 6 ሜጋ ነው የሚለኝ። እየተሰረቅን ነው?


ፖርት_ቆጣሪ | እሑድ ማታ 1፡59

አይደለም እህቴ። መስመር የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ስልክሽ የሚያሳይሽ ሜጋ ባይት ነው። ለ8 አካፍዪው። 50 ሲካፈል ለ8፣ 6.25። ሙሉውን እያገኘሽ ነው።


ማሚ_የባሕር_ዳር | እሑድ ማታ 2፡01

ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቅ የኖረው በዚህ ነው? እግዜር ይስጥህ።


የጎሮ_ልጅ | እሑድ ማታ 2፡30

ቀጠልኩ። ዋይፋይ 6ቱን ከቡፌው አወጣሁት። የፋይበሩ ገመድ አጭር ስለሆነና መታጠፍም ስለማይወድ ፋይበሩ የሚገባበትን ሳጥን አልነካሁትም። ከሱ አምስት ሜትር ላን ገመድ አውጥቼ ራውተሩን ኮሪደሩ ላይ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወደኔ ክፍል ሲመጣ በበሩ በኩል ነው፣ መታጠቢያ ቤቱን አይነካም።

9 የነበረው 38 ሆነ። በ5 ጊጋኸርዝ። ሲግናሉ ከ84 ሲቀነስ ወደ 66 ሲቀነስ መጣ። አምስት ሜትር ገመድ ያደረገውን አንድ ደሞዝ አላደረገውም።

እንዲያው ለነገሩ፣ ዳንቴሉን አንስቼም ለካሁ። ምንም ለውጥ የለም።


የድሮ_መስመረኛ | እሑድ ማታ 2፡50

ዳንቴል ክር ነው፣ ሲግናል አይዝም። ሙቀት ግን ይይዛል። ራውተር ሲግል ይዳከማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ለእናትህ ይሄን በዘዴ ንገራት፤ ዳንቴሉ ከራውተሩ ሥር ይነጠፍ፣ ከላይ አይልበስ። ሁላችሁም በሰላም ትኖራላችሁ።

ሲግናል ላይ ያሉት ቁጥሮች ኔጌቲቭ ናቸው፣ ወደ ዜሮ የቀረበው ይበልጣል። 50 ሲቀነስ እጅግ ጥሩ ነው። 67 ሲቀነስ አካባቢ ድረስ ቪዲዮ ስብሰባ ይሄዳል። 80 ካለፈ ስሙ ብቻ ነው የሚታየው። 3 በቀነሰ ቁጥር ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል። አንተ 18 ተሻሽለሃል፣ ስልሳ እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ስለ ስምንቱ አንቴና ደግሞ፣ ኤጋ ቆርቆሮ አንተን ነው። ፊኛን ከላይና ከታች ስትጫነው ወደ ጎን ይሰፋል፣ አየሩ ግን አልጨመረም። "ትልቅ ዲቢአይ" (ሲግናልን ወደ አንድ አቅጣጫ የመሰብሰብ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው አንቴናም እንደዚያ ነው፤ ወደ ጎን ይረዝማል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሳሳል። የአጎትህ ግቢ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ጠቅሞታል። ባለ ፎቅ ቤት ከሆነ አንዱን አንቴና አጋድሞ መሞከር ነው። የቁጥራቸው ብዛት ደግሞ ስልኩ ስንት አለው ከሚለው ጋር ነው የሚታየው፤ አብዛኛው ስልክ ያለው ሁለት ነው።


ኤጋ_ቆርቆሮ | እሑድ ማታ 2፡56

ጋሼ በክብር ተሸንፌያለሁ። የቢራ ቆርቆሮ ሰንጥቆ ከአንቴናው ኋላ ማቆምስ? ወይስ እሱም ፊኛ ነው?


የድሮ_መስመረኛ | እሑድ ማታ 3፡04

እሱም ፊኛ ነው፤ ከኋላ ቀንሶ ወደፊት ይጨምራል። ራውተርህ ግድግዳ ጥግ ላይ ከሆነ ይረዳል። ለሙከራው ብለህ ግን ስድስት ቆርቆሮ እንዳታዘጋጅ።


ሰኒ_ከዱባይ | ሰኞ ሌሊት 6፡20

ሰላም፣ ይቅርታ እኔ ስለ ራውተር አላውቅም። የምኖረው የምሠራበት ቤት ነው። ክፍሌ ከላይ ጣሪያው ላይ ነች። ራውተሩ ምድር ላይ ሳሎን ነው፤ ሁለት ፎቅ መሀል አለ። ማታ ሥራ ስጨርስ እናቴን በቦቲም፣ በቪዲዮ መደወያው፣ ለማየት ደረጃው ላይ ነው የምቀመጠው። ክፍሌ ስገባ ይቋረጣል። ራውተሩን መንካት አልችልም። ሌላ መላ አለው?


የድሮ_መስመረኛ | ሰኞ ጠዋት 12፡40

ልጄ፣ ደረጃው ላይ የሚይዝልሽ ሶሌታው እዚያ ጋ ቀዳዳ ስላለው ነው። ሲግናሉ እንደ ሰው በደረጃ ነው የሚወጣው።

ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሪፒተር የሚባል ትንሽ ነገር አለ። ማዳምሽን የይለፍ ቃሉን አስፈቅጂና እሱን አስገዢ፤ ብዙ አያወጣም። ዋናው ነገር የምትሰኪበት ቦታ ነው። ክፍልሽ ውስጥ አትሰኪው፤ እዚያ እሱም እንዳንቺው አይሰማም። አንቺ የምትቀመጪበት ደረጃ አጠገብ፣ ስልክሽ ገና በደንብ በሚይዝበት ቦታ ይሁን። የክፍልሽን በር ገርበብ አድርጊው። ርካሹ ሪፒተር በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጠዋል። አይገድሽም፣ ቪዲዮ ጥሪ አንድ ሁለት ሜጋ ካገኘ ይሄዳል።


ነታንያ_ሰፈር | ሰኞ ጠዋት 1፡10

ሰኒ፣ የሪፒተሩ ሰቲንግ ውስጥ 2.4 እና 5 የሚል ምርጫ ከመጣልሽ 2.4 ላይ አድርጊው። ለሶሌታ እሱ ነው።


የጎሮ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 2፡15

የመጨረሻ ሪፖርቴ።

38 ጥሩ ነው፣ ግን ማታ ማታ ጎረቤት ሁሉ ሲገባ አንዳንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በስልኬ ሳይ ከኔ ክፍል ሆኜ የ23 ሰው ዋይፋይ ይታያል። እና ነታንያ ያለው ነገር ራሴ ውስጥ ቀረ። 15 ሜትር ካት 6 ገመድ ገዛሁ፣ በኮሪደሩ ጠርዝ አስኬድኩት፣ በሩ ሥር አሳለፍኩት። ጫፉ ላይ ማንን ሰካሁ? ያንን ዕቃ ቤት ልጥለው የነበረውን አሮጌውን 300።

ይሄን ለሚሞክር፦ የአሮጌውን አድራሻ ከዋናው ራውተር እንዳይጋጭ ቀይሩት፤ ዲኤችሲፒውን (ለስልክና ለላፕቶፕ አድራሻ የሚያድለውን) አጥፉት፤ ገመዱን ዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) የሚለው ላይ ሳይሆን ላን ላይ ሰኩት። የመጀመሪያ ቀን ዋን ላይ ሰክቼ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኔትወርክ ሆኖብኝ ተቸግሬ ነበር። ቻናሉን 11 አደረግሁት፤ የጎረቤቶቼ አብዛኞቹ 1 እና 6 ላይ ታጭቀዋል። ስፋቱን 20 ላይ አስቀረሁት።

ፍጥነቱ 42 ነው። ላፕቶፑን ደግሞ በቀጥታ በገመድ ሰክቼዋለሁ፣ እሱ 50 ሙሉ ነው። ዛሬ የአንድ ሰዓት ተኩል ስብሰባ አደረግን። አለቃዬ አንዴም "አለህ?" አላለኝም፣ እንደውም ሥራ ጨመረብኝ።


ፖርት_ቆጣሪ | ረቡዕ ማታ 2፡24

ቆንጆ። መብራት ሲጠፋስ? 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ (ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ) ፈልግ። ስትገዛ አዳፕተርህ ላይ የተጻፈውን አምፒር አይተህ ከዚያ የማያንስ ይሁን። ደግሞ ራውተሩን ብቻ ይዘህ የፋይበሩን ሳጥን ከረሳህ ጨለማ ውስጥ ሙሉ ሲግናል፣ ባዶ ኢንተርኔት ነው የምታገኘው። እኔ ሆኜበታለሁ።


የጎሮ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 2፡27

ተመዝግቧል። በርሜሉስ ጋሼ? ላንቀሳቅሰው?


የድሮ_መስመረኛ | ረቡዕ ማታ 2፡40

ተወው። ውሃ ከዋይፋይ ይቀድማል።


ሰኒ_ከዱባይ | ዓርብ ሌሊት 5፡50

ማዳም እሺ ብላ ገዛችልኝ። ሁለተኛው ደረጃ መታጠፊያ ላይ ሰካሁት። ዛሬ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። አንዴም አልተቋረጠም። ስታየኝ መጀመሪያ ያለችኝ "ውይ፣ ደረጃው የት ሄደ?" ነው።